ውድ ዕቃ ይዞ ወደ ሰው መሄድ

ሰኔ ተገባዶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የከተማ ልጆች በየአገሩ ይበተናሉ። ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የሚሄዱትም ጥቂት አይደሉም። አንዱ አያቶቹን ሊጠይቅ፣ ሌላው ለበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ሌላው ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ካምፕ ሊከርም ይሄዳል። የእኅቴ ልጅ ከነዚህ አንዷ ናት። በአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎች ፍራሽ ዘርግተው እያደሩ፣ ቀን ችግኝ ሊተክሉና የአረጋውያንን ቤት ሊጠግኑ፣ ማታ ደግሞ ሊጫወቱ ነው። ሻንጣዋን ሸክፋ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ካሜራዋ። ውጭ አገር የምትኖር አክስቷ የላከችላት፣ በቤታቸው ካለው ዕቃ ሁሉ በዋጋ የሚበልጥ ካሜራ ነው። «ጋሼ፣ ልውሰደው ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

እናቷ «ይጠፋል፤ ይቅር» ብላለች። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ካላነሣሽበት ለምን ተላከልሽ?» ብሏታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ነገሩን ቶሎ ዘግተውታል። ውድ ዕቃ ያለው ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ያለኝን ወደ ሰው መካከል ይዤ ልውጣ ወይስ ቆልፌ ላስቀምጥ? ስለዚህ መልሱን ከመስጠቴ በፊት ነገሩን ከሥሩ ላስበው ወደድሁ።

እናት የፈራችው ሌባን ነው። ከሌባ በፊት ግን ዝናቡ አለ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰማይዋ ለቀናት ሳይገለጥ ይቆያል። ጉሙ ከቀርቀሃው ጫካ ወርዶ አጥር ለአጥር ይሄዳል፤ ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም። ካሜራ ይህን አይወድም። ከብርዱ ወጥቶ ምድጃ የሚነድበት ቤት ሲገባ መስታወቱ ላይ ላብ ይቋጠራል፤ ያ ላብ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የኤሌክትሮኒክ ክፍሉን ይጎዳል። እርጥበት ሲሰነብትበት ደግሞ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል። ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር እየተዘረጋ የመስታወቱን ልባስ ይበላል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ቢጠረግም ጠባሳው ላይለቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ «ተዪው» የሚያሰኝ ይመስላል። ሻጋታ የሚወደውን ቦታ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻጋታ ጨለማ፣ እርጥበትና አየር የማይንቀሳቀስበት ቦታ ይስማማዋል፤ ያም ቁም ሣጥን ነው። የአዲስ አበባ ክረምትም እርጥብ ነው። ሌንስን ከሻጋታ ከሚጠብቁት ነገሮች ዋናዎቹ አየርና ብርሃን ናቸው፤ እነሱን የሚያገኘው ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ካሜራ ነው። ባትሪውም ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ይዳከማል፤ አንዳንዱም ዳግመኛ ኃይል አይቀበልም። እርግጥ ነው፣ መጠቀምም ያስረጃል። አምራቾች የብዙ ካሜራዎችን ሸተር ከ100,000 እስከ 200,000 ጊዜ ያህል ተከፍቶ እንዲዘጋ አድርገው ይሠሩታል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከዚያ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። እንግዲህ ዕቃው ቢወጣም ያረጃል፣ ቢቆለፍም ያረጃል። ለእኛ የተተወልን ምርጫ በምን እንደሚያረጅ ነው፤ በሥራ ወይም በጥበቃ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ውድ ዕቃ ወደ ሰዎች መካከል ሲገባ ሰዎቹን ሳይሆን አስቀድሞ ባለቤቱን ይለውጣል። ሠላሳ ወጣቶች በአንድ ክፍል ሲያድሩ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ፍራሻቸው አንድ፣ ወጣቸው አንድ፣ ጭቃቸው አንድ ነው። ከመካከላቸው አንዷ ውድ ካሜራ ከትራሷ ሥር አድርጋ ብትተኛ ግን በዚያች ሌሊት ከጓደኛነት ወደ ዘበኛነት ትሸጋገራለች። ወንዝ ልንወርድ ነው ሲሏት ካሜራውን የት እንደምታኖር ታስባለች። አንዱ ልጅ ሻንጣዋ አጠገብ ቢቆም ዓይኗ ይከተለዋል። ካሜራው ለአንድ ሰዓት ዓይን ቢያጣ ደግሞ ምን ይሆናል? ቢሰረቅ እንኳ ሌባው አንድ ነው፤ የሚጠረጠሩት ግን ሁሉም ናቸው። በዚያች ሰዓት በልቧ የከሰሰቻቸው ጓደኞቿ ካሜራው ከብርድ ልብስ ሥር ቢገኝም ወደ ቀድሞ ቦታቸው በቀላሉ አይመለሱም። ከካሜራው መጥፋት ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

በባርነት ተወልዶ የሮማ ዘመን ታላቅ መምህር የሆነው ኤፒክቴተስ ስለ አንድ የብረት መብራት ይናገራል። ሌሊት ኮሽታ ሰምቶ ሲወርድ መብራቱ ተሰርቋል። አልጮኸም፤ ነገ የሸክላ መብራት እገዛለሁ አለ። ሰው የሚጠፋበት ያለው ነገር ነውና በሌቦች መናደድ ዋጋ እንደሌለው ለደቀ መዛሙርቱ አስተማረ። ሌባውም መብራቱን በነጻ አላገኘውም፤ ታማኝነቱን ከፍሎ ነው የወሰደው። ይህ ትምህርት ለኛ ኑሮ ጥቂት ይጠነክራል። በአገራችን ካሜራ የብዙ ዓመት ቁጠባ ነው፤ ነገ ሌላ እገዛለሁ ማለት ለሁሉም የሚቻል አይደለም። ሆኖም ከኤፒክቴተስ አንድ መለኪያ እንወስዳለን። ማንንም ሳትከስሺ «ጠፋብኝ» ማለት የምትችዪ ከሆነ ዕቃው ያንቺ ነው። ያን ማለት ካልቻልሽ ግን አንቺ የዕቃው ነሽ። ጸሐፊው ሉቂያን እንደተረከው ፈላስፋው ከሞተ በኋላ ያን የሸክላ መብራት አንድ ሰው በ3,000 ድራክማ ገዛው። ጭቃው ያን ያህል አያወጣም፤ ዋጋ የሰጠው አጠገቡ ተቀምጦ ያሰበው ሰው ነው።

አሁን ዳንግላና እንጅባራ ወደሚገኙበት ወደ አዊ እንመለስ፤ አዊ ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ በአደባባይ የሚሰጠው የራሱ መልስ አለውና። ጥር 23 ቀን፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት በዓላቸውን በእንጅባራ ያከብራሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋና በኋላም በአምስቱ ዓመት ወረራ ለአገር የዋለውን የፈረሰኛውንና የፈረሱን ውለታ ለማሰብ። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በዚያ ዕለት የሚወጣው ፈረስ ተርፎ የተቀመጠ ሀብት አይደለም። በአዊ ፈረስ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይም አጊጦ ይቆማል። ገበሬው ከቤቱ ካለው ሁሉ ውዱን ነው ልጓም አሳምሮ፣ ኮርቻ አስጊጦ ወደ ጉግስና ወደ ግልቢያ የሚያወጣው። ፈረስ ይወድቃል፣ እግሩ ይሰበራል፣ ይደነብራል። ባለቤቱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አውቆም ያወጣዋል፤ በጋጣ ጥግ ቆሞ የሚበላ ፈረስ ሥጋውን ቢያደልብም ክብሩን አያገኝምና።

ታዲያ ካሜራውም ይውጣ ማለት ነው? አይቸኩሉ፤ ፈረሱና ካሜራው በሁለት ነገር ይለያያሉ። አንደኛ፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሰኛው ከፈረሰኞች መካከል ነው። ሁሉም ያለውን ይዞ ስለወጣ አንዱ ሌላውን አያስቀናውም፤ ይወዳደረዋል፣ ያደንቀዋል። ካምፕ ውስጥ ያለው ካሜራ ግን ብቻውን ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ልዩነት ደግሞ ይህ ነው፤ ፈረሰኛ ያያል፣ ይታያልም። ሕዝቡ ፈረሱን ብቻ ሳይሆን አነዳዱን፣ ድፍረቱን፣ ስህተቱን ያያል። ካሜራ የያዘ ሰው ግን ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ ሌላውን ያያል እንጂ እሱ አይታይም። ውድ ዕቃው ለእይታ የወጣ ቢመስልም ባለቤቱ ተሸሽጓል። ከዚህ ልዩነት ዕዳ ይወለዳል፤ ያየ ለታየው አንድ ነገር መመለስ አለበት።

ይህ ዕዳ በአገው ምድር ረጅም ታሪክ አለው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከአዊ አጎራባች በሆነችው ሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በሊቢያ ጠረፍ መርከቡ ተሰብሮ ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹን ባሕር በልቶበት ነበር፤ ከጠፉት መካከል በዚያ ዘመን የሥዕል ሰዎች የሚጠቀሙበት፣ የዛሬው ካሜራ ቅድመ አያት የሆነው ትንሽ ካሜራ ኦብስኩራ ይገኝበታል። ብሩስ በዚህ ጉዞውን አላቆመም። የዕቃው መጥፋት ጉዞውን አላበላሸውም፤ ስሙን ያጎደፈው ሌላ ነገር ነው። አብሮት ከጣሊያን የመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ሠዓሊ ነበር። ባሉጋኒ እስከ ምንጩ አብሮት ሄዷል፤ ብዙ ሥዕል ሣለ፤ ጎንደር ላይም ሞተ። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ሠዓሊው ከዚያ ጉዞ በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አደረጋቸው። የጠፋ መሣሪያ ይተካል። የተካደ ጓደኛ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ይመሰክራል።

ዳንግላም የራሷ ምሳሌ አላት። ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አድርጎ ነበር። በበቅሎ እየተጓዘ የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ በካርታ አሠፈረ፤ ፎቶም አነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ላይ መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ ዛሬም ለተመራማሪ ይጠቅማል። ሆኖም የተጻፈው በሌላ ቋንቋ፣ የታተመው ለሌላ አገር አንባቢ ነው። መንገድ የመሩት፣ በቅሎ የጫኑት፣ ከቤታቸው ያሳደሩት ሰዎች ልጆች የአባቶቻቸውን ገጽ ለማየት ሩቅ አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት ያስፈልጋቸዋል። ቺዝማን መሣሪያዎቹን ይዞ በመሄዱ ጥሩ አደረገ እላለሁ። የጎደለው የመልሱ መንገድ ነው።

ካሜራ ማስቀረት ኃጢአት የሚሆንበት ሰዓትም አለ። በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራውን ይዞ ኮረም ገባ። ያነሣው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ሲታይ እስከዚያ ቀን በሩቅ ወሬ ብቻ የነበረው ረኃብ በዓለም ፊት ቆመ፤ እርዳታ ጎረፈ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ለተራቡት እርዳታ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ ባልደረባውም ሞተ። በሰው ሠራሽ እጅ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኅዳር 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ አለፈ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት «ካሜራው ቢበላሽስ?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይሆናል። ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ግን ሌላም ትምህርት አለ። ያ ምስል ነፍስ አድኗል፤ ኢትዮጵያዊንም ለአንድ ትውልድ በዓለም ዓይን የተራበ ብቻ አድርጎ አቁሟል። ካሜራ ሲያድንም ዕዳ ይተዋል። ስለዚህ የክረምት ካምፕ የደረሰው ይቅርና፣ ኮረም ደርሶ ሕይወት ያዳነውም ካሜራ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

የዛሬውን ሁኔታ ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ እኅቴንም አንባቢንም እበድላለሁ። አማራ ክልል ውስጥ ግጭቱ በርትቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ትልቅ ካሜራ አንገት ላይ ማንጠልጠል እንደ ቀድሞው ቀላል ነገር አይደለም። ፍተሻ ላይ «ምንድን ነው የምታነሺው? ለማን ነው?» ያሰኛል። በዚህ ጊዜ አደጋው ከዕቃው አልፎ ወደ ልጅቷና ወደ ተነሡት ሰዎች ይሻገራል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ክርክሩ ሁሉ ያበቃል፤ ልጅቷም ካሜራውም ይቅሩ። መንገዱ ሰላም ቢሆንም የታጠቀ ሰው፣ ኬላና ድልድይ አይነሣም። የሰው ፊትም ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ ዛሬ ያለ ሐሳብ የተነሣ ፊት ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅምና።

«ስልኳ አይበቃትም?» የሚልም አለ። ለማስታወሻ ይበቃል። ነገር ግን የስልክ ቅለት የራሱ ጉዳት አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊንዳ ሄንከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ሙዚየም የጎበኙ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ዕቃ ይልቅ ፎቶ ያነሡትን ዕቃ በቀነሰ ሁኔታ አስታወሱ። ማሽኑ ይይዝልኛል ብሎ አእምሮ ሥራውን ይተዋል። የጥናቱ ሌላው ግኝት ግን ተስፋ ይሰጣል፤ ከዕቃው አንዱን ክፍል አቅርበው ያነሡት ሰዎች ትዝታቸው አልጎደለም። ለመምረጥ የቆመ ዓይን አይረሳም ማለት ነው። የውድ ካሜራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ከባድ ነው፣ ጊዜ ይጠይቃል፣ ያስቆማል። በአዊ ባለው ዘንገና ሐይቅ ዳር ቆማ ጉሙ ከውኃው ላይ እስኪነሣ የምትጠብቅ ልጅ ስልኳን አውጥታ ከምታልፈው ይልቅ ሐይቁን ታውቀዋለች። ለመጠበቅ ትዕግሥት ከሌላት ግን ካሜራውም አይረዳትም፤ ባዶ እጇን ብታየው ይሻላታል።

እንግዲህ ለእኅቴ ልጅ የሰጠኋት መልስ ይህ ነው። ውሰጂው፤ ግን እንዲህ አድርገሽ። አስቀድመሽ አክስትሽን ጠይቂ፤ ስጦታ ቢሆንም የላከችው እሷ ናትና ቢጠፋ እንዳትቀየም ትወቀው። ውኃ የማያስገባ ቦርሳና እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ያዢ። ከብርድ ወደ ሙቀት ስትገቢ ካሜራውን ከነቦርሳው ተዪው፤ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይልመድ። ካምፑ እንደገባሽ ግን ቶሎ አታውጪው። መጀመሪያ ችግኙን ትከዪ፣ ጭቃውን አቡኪ፣ የሰዎቹን ስም ያዢ። ሰዎቹ አንቺን ካዩሽ በኋላ አንቺም በካሜራሽ እያቸው።

ስታወጪው ደግሞ ለብቻሽ አትያዢው። የአገሩ ልጅም ይያዘው፣ ያንሣበት፣ አንቺንም ያንሣሽ። አንድ ዕቃ ብዙ እጅ ሲይዘው የሚጠብቀውም ብዙ ይሆናል፤ ጥርጣሬም ቦታ ያጣል። በእርግጥ ብዙ እጅ ሲነካው የመውደቁ ዕድል ይጨምራል። ይህን ዋጋ ለመክፈል ካልፈቀድሽ አሁኑኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጪው፤ ጓደኞችሽን እየጠረጠርሽ ከምትከርሚ ያለ እሱ ብትከርሚ ይበልጣል። መጨረሻ ላይም ያነሣሻቸውን ሰዎች ስምና መንደር በደብተር ጻፊ። ስትመለሺ ፎቶ ቤት ገብተሽ አሳትሚ፤ ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ላኪላቸው። ቤታቸውን የጠገናችሁላቸው እማሆይ ፎቷቸው ግድግዳቸው ላይ ካልተሰቀለ ሥራሽ አላለቀም።

ለአንባቢም የምለው አለኝ። በየዓመቱ ጥር 23 ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶች እንጅባራ ይወርዳሉ፤ ፈረሰኛውን አንሥተው ይመለሳሉ። ከነሱ አንዱ ከሆንህ፣ ወይም በሌላ አገር የሌላ ሰው ፊት አንሥተህ ስልክህ ውስጥ ያስቀመጥህ ከሆንህ፣ ዛሬ አሳትመውና ለባለቤቱ ላክለት። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም። መንገዱን ካላወቅህ በማኅበሩ በኩል ጠይቅ፤ ፈረሰኛ በቀበሌው አይጠፋም።